ገመድ የያዘ ሰው ትንፋሽ

ቁጭ በል አንተ ጌጡ። የት ልትሄድ ነው? በዚህ ጨለማ? ብቻህን? በባሕሩ ዳር መንገድ? ቁጭ በል አልኩህ። ነፋሱ ሳይበርድ ጀልባ አይወጣም፤ በዚያ መንገድ ደግሞ ነግቶ ሰው ሳይበዛ እግር አይነሳም። ሳቅ፣ ሳቅ። ጥርስህን ያሳምርልህ። ስቀህ ስትጨርስ የማወራውን ስማና፣ ከዚያ በኋላ መሄድ ካማረህ በሩ አልተቆለፈም።

እናንተም ጠጋ በሉ። አንተ በሩ ሥር ያለኸው፣ ወደ ውስጥ ግባ። በሩ ሥር ሰው ሲቀመጥ አልወድም። ለምን እንደሆነ ኋላ ይገባሃል።

ሰዓቱ ይህን ጊዜ ነው። እራት ተበልቷል፣ ከብት ገብቷል፣ ውሻ እንኳ መጮህ ሰልችቶታል። ጨረቃ የለችም። አንድ ሰው በባሕሩ ዳር መንገድ ይሄዳል። በግራው ደንገሉ፣ በቀኙ ጥቁር ድንጋይ፣ መሐሉ ላይ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ መንገድ። የሰውዬው ስም ቢሻው ነው። ዱሮ ነው፣ በጣም ዱሮ። መንደሩን አልጠራውም። ዘመዶቹ ዛሬም አሉ፤ ማን ያውቃል፣ እዚሁ ተቀምጦ የሚሰማኝም ይኖር ይሆናል።

ቢሻው ይሄዳል። ይሄዳል። ከኋላው አንድ ነገር ሰማ። የእግር ኮቴ ነው? አይደለም። የወፍ ክንፍ ነው? አይደለም። አየር ሲሳብ ነው የሰማው። ውሃ ሊገባ ያለ ሰው ደረቱን ሞልቶ እንደሚስበው፣ እንዲህ... ህእእእ። ከዚያ ዝም። የሳበው አልተነፈሰውም።

ቢሻው ቆመ። «ነፋስ ነው» አለ ለራሱ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ነፋስ እንዳልሆነ ያውቃል። ይህን አሳሳብ ከልጅነቱ ጀምሮ ከጎኑ ሲሰማው የኖረ ነው። የሚስበውንም ሰው በስሙ ያውቀዋል። ያ ሰው ግን ሞቷል።

እንዴት ሞተ? ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

የዚያ መንደር ሰዎች ጠላቂዎች ነበሩ። ባሕሩ ሲቆጣ ታንኳ ይገለብጣል፤ ታንኳ ሲገለበጥ የወፍጮው ድንጋይ፣ ማረሻው፣ ብረት ምጣዱ ሁሉ ይሰምጣል። ታዲያ ማን ያወጣዋል? እነሱ ናቸው። ወገባቸውን በገመድ ታስረው፣ አንድ ድንጋይ ታቅፈው፣ አንዴ አየር ስበው ይወርዳሉ። ገመዱን ላይ ሆኖ ሌላ ሰው ይይዛል። ያ ገመድ ያዥ አንድ ሕግ አለበት። የሚወርደው አየር ሲስብ እሱም ይስባል። የሚወርደው ትንፋሹን ሲይዝ እሱም ይይዛል። ደረቱ ሲቃጠል፣ ዓይኑ ሲጨልም፣ «የኔ ካለቀ የሱም አልቋል» ብሎ ይጎትታል። ገመድ የያዘ ትንፋሹን ይይዛል። ሕጉ ይኼው ነው፣ ሌላ የለውም። በዚህ ሕግ ስንት ዘመን ሲኖሩ ከጠላቂዎቹ አንድም ሰው ባሕር ውስጥ ቀርቶ አያውቅም። ግሩም ሕግ አይደለም? ላይ ያለው እንደ ታቹ ይታፈናል። ታዲያ ሰው እንዴት ሰውን ይረሳል?

ከጠላቂዎቹ ሁሉ ትንፋሸ ረጅም ቢሻው ነበር። እሱ ወርዶ እስኪወጣ፣ ዳር የቆሙት ሰዎች ትንባሆ ያቀባብላሉ፣ ስለ ከብት ይነጋገራሉ፣ ሙግት ይጀምራሉ። «ቢሻውስ?» ይላል አንዱ። «ኧረ ተወው፣ ገና ነው» ይላል ሌላው። ሀብቱ ይኸው ነበር። መሬቱ ቁራጭ ነው፣ ከብቱ ከሲታ ነው፤ ደረቱ ውስጥ ያለው አየር ግን የመንደሩ ሁሉ ኩራት ነው። ሰርግ ላይ ሲገባ «ባለትንፋሹ መጣ» ተብሎ ቦታ ይለቀቅለታል።

ገመዱን የሚይዝለት ደግሞ አብሮ አደጉ አንለይ ነበር። አንለይ ቀጭን ነው፣ ትንፋሹም አጭር ነው። ሆኖም ቢሻውን ቶሎ ጎትቶ አያውቅም። ፊቱ ይጠቁራል፣ ግን ቢሻው ራሱ እስኪወጣ ይጠብቃል። አንድ ቀን ራሱን ስቶ ታንኳው ላይ ተዘረረ። ገመዱን ግን በእጁ ላይ ጠምጥሞት ነበር፤ ሲወድቅ ክብደቱ ቢሻውን ጎተተው። ቢሻው ወጥቶ ምን አለው መሰላችሁ? «ምናለ ትንሽ ብትታገሥ፣ ማረሻውን ልይዘው ነበር!» አለው። አንለይ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ሳቀ። «ይቅርታ ወንድሜ፣ ያንተን ያህል ደረት አልሰጠኝም» አለ። አያችሁ ይህን ሰው? ልብ በሉት።

እንግዲህ አንድ ዓመት፣ ለመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ደወል መጣ። ከሩቅ አገር፣ በስንት በቅሎ፣ በስንት ሰው ትከሻ። የመጨረሻውን መንገድ በታንኳ ሲያሻግሩት ማዕበል ተነሳና ታንኳው ተገለበጠ። ደወሉ ወረደ። የወረደውም ከገደሉ ሥር፣ ውሃው ከሚጠቁርበት፣ ጠላቂ ደርሶበት ከማያውቀው ቦታ ነው። ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። ካህናቱ ዳር ቆመው ጸለዩ። ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ ማን አዞረ? ወደ ቢሻው።

ቢሻው ወረደ። ወጣ። እንደገና ወረደ። በሦስተኛው ከአፍንጫው ደም እየፈሰሰ ባዶ እጁን ወጣ። ማንም አልሰደበውም። «አይዞህ፣ የሰው ልጅ አይችለውም» አሉት። ይህቺ «አይችለውም» የምትባል ቃል ግን ጆሮው ውስጥ ገብታ ቀረች። ባለትንፋሹ፣ ዛሬ አይችልም ተባለ።

አንለይ ማታ ማታ ባሕሩ ዳር ብቻውን መቀመጥ ጀመረ። ምን ያደርጋል? ይሞክራል። መጀመሪያ ረጅም መቃ ቆረጠ። አንዱን ጫፍ በአፉ ይዞ፣ ሌላውን ከውሃው በላይ አውጥቶ ገባ። ቁመቱን ያህል ሲወርድ ደህና ነው። ከዚያ ትንሽ ዝቅ ሲል ውሃው ደረቱን ጨምቆ ያዘው፤ መቃው ክፍት ሆኖ አየሩ አልሳብ አለ። እያሳለው ወጣ። ቢሻው ከዳር ሆኖ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ቀጥሎ አንለይ የፍየል ስልቻ ነፋ፤ አየር ሞልቶ አፉን አስሮ፣ ታች ወርዶ ሊተነፍስበት። ስልቻው ሽቅብ ይዞት ወጣ፤ እግሩ ወደ ሰማይ፣ ራሱ ወደ ውሃ! ያን ቀንማ ቢሻው ከሳቁ የተነሳ እንባው ወረደ። ደስ አለው፣ በጣም ደስ አለው። የጓደኛው ውድቀት ለምን እንዲህ እንደጣፈጠው ራሱን አልጠየቀም። እናንተስ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? አታውቁም። ማንም አይጠይቅም።

አንድ ቀን የቢሻው ሚስት፣ ሽታዬ፣ የጠላ ጋኗን ባሕር ዳር ታጥባለች። ጋኑ ከእጇ አመለጠና በአፉ ተደፍቶ ውሃው ላይ ቆመ። አንለይ ሊያነሳላት ገባ። ወደ ታች ቢጫነው አልገባ አለው። እጁን በሥር በኩል ጋኑ ውስጥ ሰደደ። እጁን አወጣው። አየው።

«ሽታዬ፣ ክንዴ ረጥቧል፤ ጋኑ ውስጥ ግን ጣቶቼ ውሃ አላገኙም» አለ።

«እና ምን ይሁን?» አለች።

«ውሃው አልገባበትማ! አየሩ ተቀምጧል። ጋንሽን ታውሺኛለሽ?»

ሽታዬ ከት ብላ ሳቀች። «ደወሉን ካወጣህበት እንኳን ላውስህ ይኸው ወስደኸዋል» አለች።

ከትልቆቹ ሁሉ ትልቁን ጋን ሰጠችው። ለማን? ለአንለይ። የማን ሚስት? የቢሻው። ይህን ማታ ሲሰማ ቢሻው እራቱን አልበላም። «ለኔ አንድ ቀን እንኳ ጋን ሰጥተሽኝ ታውቂያለሽ?» አላት። «ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» አለችው። እውነቷን ነው። የቀና ሰው ግን እውነት ምን ያደርግለታል?

ሁለት ታንኳ ጎን ለጎን አሰሩ። በላያቸው ግንድ አጋደሙ። ጋኑን በአፉ ደፍተው በወፍራም ገመድ መረብ አለበሱት፤ ዙሪያውን የወፍጮ ድንጋይ አንጠለጠሉበት፣ እንዲሰምጥ። አንለይ ራሱን ጋኑ ውስጥ አግብቶ፣ ከሥሩ የታሰረች እንጨት ላይ ቆሞ ይወርዳል። ጋኑን የሚያወርዱና የሚያወጡ ጎበዞች አሉ። ከአንለይ እጅ አንጓ ላይ ደግሞ አንዲት ቀጭን ገመድ ታስራ ወደ ላይ ትመጣለች። እሷን ማን ይያዝ? «ከቢሻው በቀር ማንም አይዛትም» አለ አንለይ። «ሁለቴ ስጎትት አየሩ ደክሟል ማለት ነው። ያን ጊዜ ሳቡ በላቸው።»

አዎ፣ አየር ይደክማል። አንድ ሰው ደጋግሞ የተነፈሰው አየር ይደክማል፤ ያን ጊዜ ራስ ይከብዳል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። አንለይ ይህን ጥልቅ ባልሆነ ቦታ ሞክሮ ደርሶበታል። ዛሬማ በባሕር ማዶ ሰው አየሩን በብረት ጠርሙስ አዝሎ ከዓሣ ጋር ይውላል ይባላል። ይሁና። ያን ጊዜ ግን ጋን ነው ያለው።

ሊወርድ ሲል ቢሻው እንደ ልማዱ ደረቱን ሞልቶ አየር ሳበ። አንለይ አየውና ፈገግ አለ።

«ተንፍስ ወንድሜ» አለው። «ዛሬ መያዝ አያስፈልግህም።»

ለደግ ነው ያለው። በእመቤቴ፣ ለደግ ነው! ይታፈን የነበረው እሱ ነዋ፤ ጓደኛው እንዳይታፈን ብሎ ነው። ቢሻው ግን ምን ሰማ? «ትንፋሽህ አያስፈልግም» ሲባል ሰማ። ሰው ፊት። ሚስቱ ፊት። ከጌታ የተሰጠው ያ ብቸኛ ሀብቱ፣ በጠላ ጋን ተተካ።

አንለይ ወረደ። ቆየ። ቆየ። ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። ኋላ ገመዷ ሁለቴ ተነቃነቀች፤ ቢሻው «ሳቡ!» አለ፤ ሳቡት። አንለይ ብቅ ሲል ከአንገቱ በታች ውሃ ያንጠባጥባል፤ ጸጉሩ ግን ደረቅ! አቧራው እንኳ አልለቀቀም። «አገኘሁት!» አለ። «በጎኑ ተጋድሟል። ወደ ታች በወረድኩ ቁጥር ውሃው ጋኑ ውስጥ ሽቅብ ይወጣል፤ እስከ አገጬ ደርሶ ነበር። ነገ ወፍራም ገመድ ይዤ ወርጄ አስረዋለሁ።» እልልታው ቀለጠ። አዛውንቶቹ ግንባሩን ሳሙት። ከሁሉ ቀድማ እልል ያለችው፣ ከሁሉም ዘግይታ የተወችው ሽታዬ ናት። ቢሻው ቆጥሮላታል፤ የቀና ሰው የሚስቱን እልልታ ይቆጥራል።

ያን ሌሊት ቢሻው አልተኛም። ያዳቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም። ሳቁ ላይ አዳቁኖት ነበር፤ አሁን ሊያቀስሰው መጣ።

በማግስቱ አንለይ ወረደ። ደወሉን ማሰሪያው ወፍራም ገመድ አብሮት ወረደ። ቢሻው ቀጭኗን ገመድ ይዟል። ውሃው ዝም ብሏል። ከብዙ ጊዜ በኋላ ገመዷ ሁለቴ ተጎተተች። ቢሻው እጁ ላይ ተሰማው። በደንብ ተሰማው። «ሳቡ» ሊል አፉን ከፈተ።

ምን አደረገ መሰላችሁ?

በዚያው በከፈተው አፉ አየር ሳበ። ደረቱን ሞልቶ ሳበና አፉን ዘጋ። «ሕጉ ምንድነው?» አለ በሆዱ። «ገመድ የያዘ ትንፋሹን ይይዛል። የኔ ሲያልቅ እጎትታለሁ። የኔ መች አለቀ?» ሕግ ጠቀሰ እንግዲህ! ከሁሉ የከፋ ክፋት ሕግ ጠቅሶ የሚሠራ ነው።

ገመዷ እንደገና ተጎተተች። ጎበዞቹ ቀና ብለው አዩት። «ምልክት ሰጠ?» አሉት። አፉ ተዘግቷል፣ መናገር አይችልም። ራሱን ነቀነቀ። የለም አላቸው።

ለሦስተኛ ጊዜ ተጎተተች። ይህቺ እንኳ መጎተት አይደለችም፤ እንደ ዓሣ ንክሻ ናት። ከዚያ ቀጥ አለች። ቢሻው ግን ይዟል። በሕይወቱ እንደዚያ ረጅም ይዞ አያውቅም። ያን ቀን እንዲያዩለት የፈለገው ሰው ሁሉ ዳር ቆሞ ነበር፤ አንድም ሰው ግን እንደያዘ አላወቀለትም። በመጨረሻ «ሳቡ!» ብሎ ጮኸ።

ጋኑ ወጣ። ሥሩ ማንም የለም። ቢሻው ቀጭኗን ገመድ ጎተታት፤ እንደ ክር ቀልላ መጣች። ጫፏ ላይ ቋጠሮው እንደታሰረ ነው፤ ክቡ የእጅ አንጓ ያህል ነው፤ ውስጡ ባዶ ነው። ጎበዞቹ የደወሉን ገመድ ሲስቡ ከበዳቸው። አንለይ አስሮት ነበር። ደወሉ ወጣ፣ አንለይ ቀረ።

ቢሻው አለቀሰ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ? እንባው ገደደው፤ ፊቱን በባሕር ውሃ አራሰ። ሰዎቹም አዘኑለት። «ገመዱን የያዘው እሱ ነው፣ ደወሉን ያወጣልን እሱ ነው» አሉ። ዓመት ሳይሞላ «የቢሻው ደወል» መባል ጀመረ። እሱም አይደለም አላለም። ዝም አይነቅዝም ብሎ ዝም አለ። አሁን ደስ ሊለው አይገባም? ስሙ ተመለሰለት። ግን ደወሉ በየማለዳው በተመታ ቁጥር፣ ከድምፁ በፊት ገመዱ ሁለቴ ሲጎተት እጁ ላይ ይሰማዋል። ሁለቴ። ከዚያ ነው ደወሉ የሚጮኸው።

ሽታዬ ጋኗ ውስጥ ዳግመኛ ጠላ አልጠመቀችም። ጓሮ ከአጥሩ ሥር በአፉ ደፍታ ተወችው። በጋ ገባ፤ ምድሩ ተሰነጠቀ። በጋኑ ሥር ያለው መሬት ግን ጠዋት ጠዋት እርጥብ ነው። ሽታዬ ጋኑን ትዳስሰዋለች፤ እንደሚያልበው ሰው ግንባር ይቀዘቅዛል። ባሏን ታየዋለች። ባሏ ዞር ይላል።

ከዚያ ነው እንግዲህ በዚያ መንገድ፣ በዚያ ሰዓት፣ ከኋላው አየር ሲሳብ የሰማው። የመጀመሪያውን ሌሊት ሮጠ። እየሮጠ ቤቱ ገባ። በሁለተኛው ሌሊት ግን፣ ከኋላው ህእእእ ሲል፣ ቢሻው ሌላ ነገር አደረገ። እሱም ሳበ። እሱም ያዘ። ቆመው ያዙ፤ እሱ ከፊት፣ ያ ከኋላ። ደረቱ ሲቃጠል ደንገሉ ውስጥ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰና ከኋላው የነበረው ሄደ። ቢሻው እየሳቀ ቤቱ ገባ።

«አሸነፍኩት!» አለ።

«ማንን?» አለችው ሽታዬ።

ወደ መደቡ አለፈ።

«ቢሻው፣ ማንን?» አለች። «ወደ አባ ሂድ። የሆድህን ተናገር። ንስሐ ግባ። በዚያ መንገድ ደግሞ ማታ ብቻህን አትሂድ።»

«አሁንም ለሱ ነው የምታዝኚው?» አላት።

ሰው ሙት ላይ ይቀናል? እናንተ ንገሩኝ እስቲ! የሞተውን ሰው፣ መቃብር እንኳ የሌለውን ሰው! ቢሻው ይቀናል። ከዚያ በኋላ ሌሊት ሌሊት መንገዱ ይጠራው ጀመር። ሥራ የለውም፣ እንግዳ የለውም፤ የሚወጣው ሊያሸንፍ ነው። በየሌሊቱ ያ ከኋላው የሚስበው ትንሽ ይቀርባል። መያዙም በየሌሊቱ ትንሽ ይረዝማል። ቢሻው ዓይኑ ደም ለብሶ፣ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ይመለሳል።

ምነው ጌጡ? ምን አልክ? «ብቻውን ከነበረ እርስዎ በምን አወቁ?» ነው ያልከው? ጎሽ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ብቻውን አልነበረማ። በመጨረሻው ሌሊት ሽታዬ ችቦዋን ዝቅ አድርጋ ከሩቅ ተከትላዋለች። ስትወጣ ወደ ጓሮ ብታይ፣ ጋኑ ከቦታው የለም። እርጥቡ ክብ ብቻ ቀርቷል።

ቢሻው መንገዱ መሐል ቆሟል። ከኋላው አየሩ ተሳበ። እሱም ሳበና ያዘ። በዚህ ጊዜ ግን ያ ነገር ከኋላው አልቀረም። በጎኑ አለፈና ከፊቱ መጥቶ ቆመ። ሽታዬ ከድንጋዩ ጀርባ ሆና አየችው። ከአንገቱ በታች ውሃ ያንጠባጥባል። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ጸጉሩ ግን ደረቅ ነው። አቧራው እንኳ አልለቀቀም። በእጁ አንጓ ላይ ገመድ የላጠው ቁስል አለ።

አልተቆጣም። እጁን አላነሳበትም። ምን አለው መሰላችሁ?

«ተንፍስ ወንድሜ» አለው። «ዛሬ መያዝ አያስፈልግህም።»

ይኸው ነው! ያችው ቃል ናት! ሊያወጣው መጥቶ ነበር እኮ! አንዲት ትንፋሽ ቢያወጣ፣ አንዲት «ማረኝ» ብትወጣው፣ ነገሩ በዚያ ባለቀ። ሽታዬም ከድንጋዩ ጀርባ ወጥታ «ቢሻው፣ ተንፍስ! በልጆቼ ሞት፣ ተንፍስ!» ብላ ጮኸች። ቢሻው ድምፅዋን ሰማ። ወደ እሷ አየ፤ ወደ እሱ አየ። ሁለቱም አንድ ቃል አሉት። ሁለቱ በአንድ ቃል መግጠማቸው ነው ዓይኑን ያቀላው። አፉን አጥብቆ ዘጋ። ጉንጩን ነፋ። ብሞት እንኳ አልለቅም አለ በሆዱ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ያን ጊዜ ችቦው ጠፋ።

ሽታዬ የምታስታውሰው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ጋን መሬት ላይ ሲቀመጥ የሚያሰማው፣ ዱ... የሚል ድምፅ።

ሰው ጠርታ ስትመለስ ነግቷል። ቢሻው መንገዱ ላይ ተቀምጧል። ልብሱ ደረቅ ነው። እግሩ አቧራ ነው። ራሱ ላይ ጋኑ በአፉ ተደፍቷል፣ እስከ ትከሻው። አንዱ ጎበዝ ሊያነሳው ጋኑን በጣቱ ነካ። ወዲያው ውሃ ወረደ! በአፉ የተደፋ ጋን፣ በደረቅ መሬት ላይ፣ ሙሉ ውሃ ይዞ ቆይቶ ነበር፤ ሰው እስኪነካው አንዲት ጠብታ አላንጠባጠበም። ጋኑን አነሱት። ጸጉሩ ከነውሃው ግንባሩ ላይ ተለጥፏል። ጉንጩ እንደተነፋ ነው። በደረቅ መንገድ ላይ ተቀምጦ ሰመጠ። በእጁ ደግሞ ያቺን ቀጭን ገመድ ይዟል፤ ጣቶቹን ሊፈለቅቁ ቢታገሉ አልቻሉም፣ አብረው ቀበሩት።

ሽታዬ የእናቴ አያት ናት። አዎ። እንግዲህ እኔም የማን ልጅ እንደሆንኩ ቆጥራችሁ ድረሱበት።

አንለይስ? አንለይ ዛሬም ይሄዳል። የሚያወጣው ሰው አጥቶ ይሄዳል። ስለዚህ በዚያ መንገድ ብቻችሁን አትሂዱ። ግድ ሆኖ ከሄዳችሁም፣ ከኋላችሁ ህእእእ ሲል ከሰማችሁ፣ ትንፋሻችሁን እንዳትይዙ። አስሉ፣ አውሩ፣ ዝፈኑ፣ የሆዳችሁን ተናገሩ፤ ብቻ እንዳትይዙ። ትንፋሹን የያዘውን ሰው ይቀርበዋል፤ «ጓደኛዬ ነው» ይለዋል።

ምነው? ምን ሆናችሁ? ጌጡ፣ ምነው ዝም አልክ? አትሄድም እንዴ?

ቆይ። ቆይ እስቲ። አንተ ትንፋሽህን ይዘሃል። አንቺም ይዘሻል። ሁላችሁም ይዛችኋል እኮ! እኔም፣ ይኸው፣ ሳላውቀው ይዣለሁ።

ታዲያ አሁን በሩ ሥር አየር የሳበው ማነው?

ተንፍሱ! ተንፍሱ እንጂ!